አለቃና ከበሮው

ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶ ዓለም ከተማ መግባት ለወገብ የሚመች ጉዞ አይደለም። እኔ ግን አንድ ጥምቀት ደርሼ ነበር። ታቦት ሲመለስ አንድ የአቋቋም መምህር ከበሮውን ከአንገታቸው አንጠልጥለው ሲመቱ ቆሜ አየሁ። እጃቸው አይቸኩልም። ጎረምሶቹ ደቀ መዛሙርት ፍጥነት ሲጨምሩ በዓይናቸው ብቻ ይመልሷቸዋል።

አረፍ ሲሉ ጠጋ አልኩና፣ «የኔታ፣ ይኼ የጎንደር ነው?» አልኳቸው።

«የተክሌ ነው። ደብረ ታቦር ነው የተማርኩት።»

«ተክሌ ማን ናቸው?»

«የአለቃ ገብረ ሐና ልጅ።»

አጠገባችን የቆሙ ሁለት ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቂዎቹ ወገን ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ክፍሉ ሲያንቀላፋብኝ አለቃን እጠራ ነበር። የአለቃን ዐሥር ቀልድ ሳይተነፍስ የሚደረድር ተማሪም ሞልቶ ነበር። ሰውየው ምን ያስተምሩ ነበር ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ቀልዱስ ቢሆን የሳቸው ስንቱ ነው? ባለቤት ያጣ ተረብ ሁሉ አለቃ ደጅ ይጣላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ከቴዎድሮስ እስከ ምኒልክ የኖሩት አለቃ ከፎገራ ናበጋ የወጡ፣ ጎንደር በአታ ያስተማሩ የአቋቋም ሊቅ ናቸው። ይህ ትምህርት ዓመታት ይፈጃል። ዜማው በመጀመሪያ ያለ ከበሮ፣ በቁም ይጠናል። ከዚያ መቋሚያ ተይዞ ዝማሜ ይመጣል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት በመረግድ ነው፤ በጽፋት ደግሞ አመታቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባውም ይደምቃል። የዜማው ምልክት በብራና ላይ ይጻፋል። የከበሮው አመታት ግን ከመምህር እጅ ወደ ተማሪ እጅ ነው የሚያልፈው። በመሐል አንድ እጅ ከጠፋ ጠፋ ነው። ከበሮውም እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ አይደበደብም፤ ጠፍሩን የጌታ ግርፋት ሰንበር ነው ይሉታላ!

አለቃ ጣና ደሴት ላይ ሳሉ፣ ማዕበሉ ሲመላለስና ደንገሉ በነፋስ ግራና ቀኝ ሲል አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ፊት ነሷቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ ልጃቸውን አስተማሩ። (ለተረብ የማይሰንፉት አለቃ እዚህ ላይ ዝም ማለታቸው ይገርመኛል።) ተክሌም ስልቱን ደብረ ታቦር ኢየሱስ ላይ ተከለው፤ ከዚያም ተስፋፋ። ስሙም «የተክሌ» ሆኖ ቀረ። ልጁ ሥራውን ወረሰ፤ ለአባትየው ቀልዱን ተውንላቸው።

በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ አለን። ያን ዕለት አለቃን ከበዓሉ ጋር አያይዞ ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አላነሳኋቸውም።

ልሰናበት ስል የዓለም ከተማውን መምህር፣ «የኔታ፣ የአለቃን ቀልድ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አሳምሬ። ተማሪ ፊት ግን አላወራውም» አሉና ወደ አንዱ ልጅ ዞሩ። «ግራ እጅህ ቀደመ። እንደገና።»