ስልኩ እየቻለ የተከለከለው ጥሪ

የማኅበራችንን የብር ኢዮቤልዩ ስናከብር፣ ስለ እድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ብዙ ይነገራል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ ወላጆች ያሳለፍነውን፣ ልጆቻችን ግን የማያውቁትን አንድ ነገር ልናነሳ ወደድን፤ ይኸውም ከዘመድ ጋር በስልክ የመገናኘትን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ በገባንበት ዘመን ወደ አገር ቤት የሚደወለው ለበዓልና ለመርዶ ነበር። እናት የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራች ደኅንነታችንን ጠይቃ ሳትጨርስ የገዛነው ደቂቃ ያልቃል። በሰላም መግባታችንን የምናሳውቀው አንዴ ጠርቶ በሚዘጋ ሚስኮል ነበር።

በ2003 ስካይፕ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ድምፅ እንደ ማንኛውም የኢንተርኔት መልእክት ስለሚላክ፣ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ሲገናኝ ከኢንተርኔቱ ዋጋ በቀር የደቂቃ ሂሳብ የለም። ዘመናዊ ስልክ ሲመጣ ደግሞ ይህ በረከት ኪሳችን ገባ ብለን ነበር። ዳሩ ግን መንገዱን የያዙት ደቂቃ በመሸጥ የሚተዳደሩት የስልክ ኩባንያዎች ነበሩ።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን አሜሪካን እንውሰድ። የአይፎን ስካይፕ በማርች 2009 መጨረሻ ሲወጣ፣ ጥሪ የሚያደርገው በዋይፋይ ብቻ ነበር። ምክንያቱ በኦገስት ታወቀ። ኤቲ ኤንድ ቲ የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጠይቆት በሰጠው መልስ፣ አፕል ያለ ኩባንያው ፈቃድ በሞባይል መስመሩ ላይ የኢንተርኔት ጥሪ እንዳያስችል ተስማምተው እንደነበር ገለጸ። ስልኩን በቅናሽ ያቀረበው ከድምፅ ጥሪ የሚያገኘው ገቢ እንደማይቀንስበት አስቦ መሆኑንም አስረዳ። በኦክቶበር 2009 ክልከላውን አነሳ፤ ስካይፕም በሞባይል መስመር መሥራት የጀመረው በሜይ 2010 ነው።

ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበት ፌስታይም በ2010 ሲጀመርም እንዲሁ በዋይፋይ ብቻ ነበር። አፕል በ2012 በሞባይል መስመር እንዲሠራ ሲያደርግ፣ ቬራይዘንና ስፕሪንት ለደንበኞቻቸው ፈቀዱ። ኤቲ ኤንድ ቲ ግን አዲሱን የጋራ የዳታ ጥቅል ለሚገዙ ብቻ እንደሚፈቅድ አስታወቀ። ለዳታው የከፈለ ሰው በዳታው ምን እንደሚሠራበት ሊመረጥለት አይገባም ሲሉ የተጠቃሚዎች መብት ተከራካሪዎች አቤቱታ ለማቅረብ ተነሡ። ኩባንያው በኖቬምበር ፈቃዱን ማስፋት ጀመረ።

አሜሪካ ያለው ዘመድ ዋይፋይ ያለበት ቤት ሲገባ ችግሩ ይቃለልለት ነበር። ወደ ዓረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በሳዑዲ ዓረቢያ የኢንተርኔት ጥሪ የተፈቀደው በሴፕቴምበር 2017 ነው። በዱባይም የዋትስአፕ ጥሪ ለረጅም ዓመታት ዝግ ሆኖ ቆየ። በአገራችን ደግሞ የ2012ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አደረገ። ለግል የሚደረገውን የስካይፕ ጥሪ እንደማይመለከት ማብራሪያ ቢሰጥም፣ ብዙ ሰው ፈርቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ያራራቀን የባሕሩና የበረሃው ርቀት ብቻ አለመሆኑን ነው። መንገዱ ተገኝቶም በሩ ተዘግቶ ቆይቷል። ለመስመሩ መጨናነቅ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ለገቢ ሲባል የእናትን ድምፅ ማገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን የልጅ ልጃቸውን ፊት በስልክ እንኳ ሳያዩ ያለፉ ወላጆች ያሉን አለን። እነዚያን ዓመታት የሚመልስልን የለም።

ስካይፕ ራሱ በሜይ 2025 ተዘግቷል፤ ዛሬ ልጆቻችን በሌላ መንገድ እየተያዩ ይጫወታሉ። እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁ ደቂቃ እየቆጠሩ የተነፈጉትን ጊዜ እናንተ አትንፈጓቸው። ዛሬ ማታ ደውሉላቸው፤ የሁላችሁንም ስም ጠርተው እስኪጨርሱ ጠብቁ።

እንኳን ለኢዮቤልዩው በሰላም አደረሰን!