በእርጥቡ መግራት

«እርጥብ ቀረጻ» የሚል ሐረግ የቆዳ ሥራ በሚያስተምሩ የአማርኛ ቪዲዮዎች ግርጌ ሲመላለስ ማየት አንገሽግሾኛል። ቀረጻ ዛሬ ለአማርኛ ተናጋሪ የድምፅና የምስል ሥራ ነው፤ ማይክሮፎንና ካሜራ ነው የሚያስታውሰው። ወደ ቀደመው ፍቺው ብንመለስም አይረዳንም። ቀራፂ እንጨቱን ወይም ድንጋዩን እየፈለፈለ፣ እየቀነሰ ነው ቅርፅ የሚያወጣው። «እርጥብ ቀረጻ» የተባለው ሥራ ግን ከቆዳው ቅንጣት አይቀንስም።

ሥራው የአሜሪካ የሽጉጥ አፎት ሰፊዎች ዕለት ተዕለት የሚሠሩት ነው። የተሰፋውን ቆዳ ለብ ባለ ውኃ ይነክሩታል፤ ሽጉጡን ወይም የፕላስቲክ አምሳያውን ይከቱበታል፤ በጣትና በለስላሳ አጥንት የቃታውን ዙሪያና የአፈሙዙን ጠርዝ እየተከተሉ ይጫኑታል፤ ከዚያ ከእሳት አርቀው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉታል። ሲደርቅ የያዘውን መልክ አይለቅም። ለዚህ የሚሆነው በዕፅዋት ታኒን የለፋ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቆዳ ነው።

ሆልስተርን አፎት ማለቴን የማይወዱ አሉ። «መሸጎጫ» ይሻላል ይላሉ፤ ሽጉጥ ራሱ ስሙን ያገኘው ሸጎጠ ከሚለው ግስ ነውና። ዝምድናው ደስ ይላል፤ ነገር ግን መሸጎጥ ወገብ ሥርም፣ ትራስ ሥርም፣ የጣራ ማገር ውስጥም ይሆናል። አፎት ግን ለአንድ ዕቃ በልኩ የተሠራ ቤት ነው፤ ጎራዴም ጩቤም አፎት አላቸው። «ሽጉጡን ከአፎቱ መዘዘ» ስንል ማንም አይደናገርም። ነባር ቃል እያለን አዲስ የምንፈጥርበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ዋናው ስም ልመለስ። «ማልፋት» ያሉ አሉ፤ ማልፋት ግን ጥሬውን ቆዳ የለፋ ቆዳ የሚያደርገው የቀደመው ሥራ ስም ነው፤ ቦታው ተይዟል። «አርሶ ማስያዝ» ያሉትም ተሰናክለዋል፤ ከማራስ የወጣው «አርሶ» እና ከማረስ የወጣው «አርሶ» በጽሑፍ ስለማይለዩ አንባቢው ሞፈርና ቀንበር ይታየዋል። «ቅርፅ ማስያዝ» ስሕተት የለበትም። ግን ለሸክላም፣ ለብረትም፣ ለፀጉርም ይሆናል፤ የውኃውን ነገር አይነግረንም።

እኔ የምሟገትለት «በእርጥቡ መግራት» ለሚለው ነው። «በእርጥቡ» አማርኛ አስቀድሞ ያበጀው መንገድ ነው፦ በትኩሱ፣ በጥሬው፣ በደረቁ እንላለን። የዱላ እንጨትም የሚቃናው በእርጥቡ ነው። «እርጥብ» ብቻውን ሲቀመጥ ግን የቆዳ ፋብሪካ ሰው ዌት ብሉን ያስባል፤ ዌት ብሉ ደግሞ በክሮም የለፋ ነው፤ ለዚህ ሥራ የማይመቸውም እሱው ነው። «መግራት» የሚለውን የመረጥሁት ውጤቱንም ስለሚይዝ ነው። በሬ ሲገራ ቀንበሩን ለአንድ ቀን ተሸክሞ አይረሳም፤ የለመደው አብሮት ይኖራል። ቆዳውም ሽጉጡ ከወጣለት በኋላ መልኩን ይዞ ይቆያል። ማቃናት ይህን አይልም፣ መጫንም አይልም።

መግራት ነፍስ ላለው ብቻ ነው የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ያልተገራ አንደበት የምንለውስ? አማርኛ ግሱን ከጋጣ ካወጣው ቆይቷል።

ደግሞም ቃሉ ይራባል፤ «እርጥብ ቀረጻ» ግን በቆመበት ይቀራል። «አፎቱን ዛሬ በእርጥቡ ገራሁት»፣ «በእርጥቡ የተገራ አፎት»፣ «ገና አልተገራም» ማለት እንችላለን። በክሮም የለፋ ቆዳ የገጠመው ባለሙያ «አልገራም አለኝ» ቢል ባልደረባው ወዲያው ይገባዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሞቆ ቆዳው ከተበላሸበትም «ተኮማተረ» የሚለው ይበቃዋል፤ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ውስጥ በእርግጥም ይኮማተራል።

የቀረው የአጥንቱ መሣሪያ ስም ነው። «መጫኛ» እንዳንለው መጫኛ የጭነት ጠፍር ነው። «መዳመጫ አጥንት» ይባል እላለሁ፤ እናቶቻችን ጥጡን ከፍሬው የሚለዩበት ዘንግ መዳመጫ ነው፤ የዚህም አጥንት ሥራ እየተጫኑ ማሸት ነው።