እንግዴ ልጅ

አዲሱ ገበያ ሰፈር ልጅ ሲወለድ የጎረቤቱ የመጀመሪያ ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። አዋላጇ ግን ገና ትጠብቃለች፤ እንግዴ ልጁ አልወጣም።

ቃሉ ያምራል፤ «እንግዳ»ን ያስታውሳል። ጽንሱን ሲመግብ ከርሞ፣ ልጁን ተከትሎ የሚሰናበት እንግዳ።

እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ማህፀን ካልተኮማተረ፣ ወይም ቁራጭ ከቀረ፣ ደሙ አይቆምም። እዚያው ጉለሌ እንዳለው ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲን የሚወጋው ለዚህ ነው። አዋላጇ የወጣውን እንግዴ ልጅ በጓንት እጇ ገልብጣ ጉድለት ትፈልጋለች፤ ሆድ እየዳበሰች የማህፀኑን መጠንከር ታረጋግጣለች።

ግማሽ ሊትር ደም አደጋ ነው፤ አንሶላ ስለሚመጠው ግን ለዓይን ያንሳል። «የወሊድ ደም ያለ ነው» የሚባለው ማጽናኛ እዚህ ላይ ይቅር! በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ደሙን በመለኪያ ከረጢት እየተቀበሉ አስፈላጊ ሕክምናዎችን ባንዴ መስጠት ከባድ መድማትን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።