የአንድ ዓመት ልጆች፦ መንግሥቱ ወርቁ፣ ጂሚ ግሪቭስና ያልተቆጠሩ ጎሎች

እ.ኤ.አ. በ1940 ዓለም በጦርነት ስትታመስ ሁለት ሕፃናት በተራራቁ አገሮች ተወለዱ። አንዱ በምሥራቅ ለንደን የተወለደው ጂሚ ግሪቭስ ነው፤ ሌላው ትውልዱ ጎንደር የሆነው መንግሥቱ ወርቁ። ሁለቱም አድገው አጥቂ ሆኑ፤ ሁለቱም በዘመናቸው ጎል አግቢነት አገራቸውን አስደመሙ። በኋላም ጫማቸውን ሰቅለው፣ በሽምግልና ዕድሜያቸው በክብር ተሸኙ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “ዓ.ም.” ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነታቸው ከሜዳ ውጭ ነው። እንግሊዞች የግሪቭስን እያንዳንዱን ጎል በቀኑ፣ በሜዳውና በተጋጣሚው ስም መዝግበው አስቀምጠዋል። የመንግሥቱን ግን በየጽሑፉ የተለያየ ድምር እናገኛለን። በምንኖርባት በአሜሪካዋ ክላርክስተን ከተማ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ተሰብስበን ስንመለከት የአላን ሺረርን 260 ጎሎች በቃላችን የምናውቅ ሰዎች፣ የራሳችንን ታላቅ አጥቂ ታሪክ ለልጆቻችን አሟልተን መንገር ያቅተናል። ይህ ሊያሳስበን ይገባል። ታሪኩ አለና፤ የሚነገርም ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ

መንግሥቱ የገባበት ቤት አስቀድሞ በሌላ አጥቂ የተገነባ ነበር። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠርቱ አገሪቱ በፋሺስት ጦር እየተወረረች ነበር። በዚያው ክለብ የተጫወቱት ይድነቃቸው ተሰማ ለ23 ዓመት ማልያውን ለብሰው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ በታሪካቸው ተጽፏል። በ1947 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከጅቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ሲያሸንፍም በሜዳው ውስጥ ነበሩ። ይድነቃቸው ከሜዳ ሲወጡ አሰልጣኝም የስፖርት መሪም ሆኑ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከጠንሳሾቹ አንዱ ነበሩ፤ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነው አገለገሉ።

መንግሥቱ ወርቁ ያደገው በዚህ ሰው ጥላ ሥር ነው። የተጫዋችነት ዕድሜውን በሙሉ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሰጠ። ዛሬ ተጫዋች በየዓመቱ ክለብ በሚቀይርበት ዘመን ላለን ሰዎች ይህ ታማኝነት ሩቅ ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ክለቡ ለተጫዋቹ ሰፈርም ቤተሰብም ነበር። ደጋፊው የሚያውቀው በስሙ ብቻ አልነበረም፤ አካሄዱን፣ ኳስ አቀባበሉንና ወደ ጎል የሚዞርበትን ፍጥነት አይቶ ይለየዋል።

ጥር 1954 ዓ.ም.

የመንግሥቱን ታላቅነት ለማየት ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ መመልከት ይበቃል። ውድድሩ የተካሄደው በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነበር። አራት ቡድኖች ተሳተፉ፦ አዘጋጇ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ። ግብፅ የ1957ቱንም የ1959ኙንም ዋንጫ ወስዳ የመጣች የአህጉሩ ንጉሥ ነበረች። ለኢትዮጵያም ያልተከፈለ ዕዳ ነበረባት፤ በ1957 በካርቱም ፍጻሜ 4 ለ 0፣ በ1959 በካይሮ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0 አሸንፋናለች።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን ገጠመች። እንግዶቹ ቀድመው ሁለት አገቡ። ቡድኑ ግን እጁን አልሰጠም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ከዕረፍት በኋላ የመንግሥቱ ተራ ደረሰ። ሁለት ጎል አከታትሎ አስቆጠረና ጨዋታው በ4 ለ 2 ተጠናቀቀ። በሁለት ጎል ከመመራት ተነስቶ በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ስታዲየሙን ምን እንዳደረገው ለመገመት የእግር ኳስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ፍጻሜው በተመሳሳዩ ስታዲየም እሑድ ጥር 13 ቀን ዋለ። ጥምቀት ከሁለት ቀን በፊት ተከብሯል፤ ቃና ዘገሊላም ገና ትናንት ነበር። ከበዓሉ ያልወጣው የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ ስታዲየም ጎረፈ። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ አብደል ፋታህ በደዊ አገባ። ኢትዮጵያ ስትታገል ቆይታ በ74ኛው ደቂቃ በግርማ ተክሌ አማካይነት አቻ ሆነች፤ ደስታው ሳይበርድ፣ በቀጣዩ ደቂቃ፣ ያው በደዊ ግብፅን እንደገና መሪ አደረጋት። ለሽንፈት አንድ ሐሙስ ሲቀረን፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገው።

በጭማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት። ግብፅ አቻ ለመሆን ሙሉ ኃይሏን ወደ ፊት ስታወጣ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛውን አስቆጠረና ነገሩ አበቃ። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። መንግሥቱ በሁለት ጨዋታ ሦስት ጎል አግብቶ ከበደዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያ ቡድን በአሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ሥር የተሰበሰበ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ የተውጣጣ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ የአሥመራ ልጅ ነው። ዋንጫውን “ክልስ አይቀበል” የሚሉ ባለሥልጣናት እንደነበሩና ይድነቃቸው አምበሉን እንዳልቀየሩ ይነገራል። ለክላርክስተን አንባቢ ይህ ትርጉም አለው። ሐበሻ በሚሰበሰብበት ካፌ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡት የአሥመራ፣ የጎንደርና የድሬዳዋ ልጆች ዛሬ በፖለቲካ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያ ዋንጫ ግን የአያቶቻቸው የጋራ ላብ ነው። ጎንደሬው መንግሥቱ ያገባው አራተኛ ጎል ትርጉም የሚኖረው የአሥመራዎቹ ወንድማማቾች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስላገቡ ነው።

ከዋንጫው በኋላ

ብዙ ሰው የመንግሥቱን ታሪክ በዚያች እሑድ ያቆመዋል። እሱ ግን ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ኢትዮጵያ በ1963 በጋና አራተኛ ወጣች። በ1965 በቱኒዚያ ሁለት ከባድ ሽንፈት ገጠማት። በ1968 እንደገና አዘጋጅ ሆና በአዲስ አበባና በአሥመራ በተካሄደው ውድድር የምድቧን ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ በዚያም በጭማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈች። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ መድረኮች በጠቅላላው 10 ጎል አስቆጥሯል። በዚያ ዘመን ውድድሩ በጥቂት ቡድኖች የሚካሄድ፣ ለአንድ ተጫዋች ጥቂት ጨዋታ ብቻ የሚደርስበት ነበርና ቁጥሩ ትልቅ ነው። እስከ ዛሬም ከእሱ የበለጠ በአፍሪካ ዋንጫ ያስቆጠረ ኢትዮጵያዊ የለም።

በአገር ውስጥም ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1966 እስከ 1968 የሊጉን ዋንጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። እነዚያ “ፈረሰኞቹ” የሚባለው የዚህ ክለብ የክብር ዘመናት ከመንግሥቱ ስም ጋር አብረው ይነሳሉ።

ከተጫዋችነት በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። በ1982 ኢትዮጵያ በሊቢያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ስትሳተፍ ቡድኑን የመራው እሱ ነበር። ቡድኑ ከአልጄሪያ ጋር አቻ ወጥቶ በናይጄሪያና በዛምቢያ ተሸነፈና ከምድቡ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ረጅም ጭለማ መጣ፤ ዋልያዎቹ የሚባለው ብሔራዊ ቡድን ለ31 ዓመት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለሰም። መንግሥቱ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2012፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ለ2013ቱ ውድድር አለፈ። ለዚያ ዋንጫ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የደከመው ሰው ያንን ቀን አላየውም።

የተቆጠሩት ጎሎች

አሁን ወደ ግሪቭስ እንመለስ። መንግሥቱ በአዲስ አበባ ለዋንጫ ሲዘጋጅ ግሪቭስ ከኤሲ ሚላን ወደ ቶተንሃም ተዛውሮ ነበር። ክለቡ የከፈለው 99,999 ፓውንድ ነው፤ ልጁ “የመቶ ሺህ ፓውንድ ተጫዋች” የሚል ሸክም እንዳይጫንበት አንድ ፓውንድ ተቀነሰች። በታኅሣሥ 1961 በመጀመሪያ ጨዋታው በብላክፑል ላይ ሦስት ጎል አገባ። ለእንግሊዝ በ57 ጨዋታ 44፣ በአገሩ ከፍተኛ ሊግ ደግሞ 357 ጎል አስቆጠረ። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወት እግሩ ቆስሎ ቦታውን ጄፍ ኸርስት ወሰደ፤ ኸርስት በፍጻሜው ሦስት ጎል አገባ፤ ግሪቭስ ግን ከሜዳው ዳር ቀረ። ለፍጻሜው ያልተሰለፉት ተጫዋቾች ሜዳሊያቸውን ያገኙት በ2009 ነው። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በመጠጥ ሱስ ተሠቃየ፤ በ1978 ከመጠጥ ተላቅቆ በቴሌቪዥን የተወደደ የስፖርት ተንታኝ ሆነ። በ2021 አረፈ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ተጽፎ ስለቆየ ነው። በየካቲት 2023 ሃሪ ኬን ማንችስተር ሲቲ ላይ ጎል ሲያገባ መላው ዓለም በዚያችው ደቂቃ የግሪቭስ የቶተንሃም 266 ጎል ክብረ ወሰን መሰበሩን አወቀ። ግሪቭስ ከሞተ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን በአዲሱ ጎል እንደገና ተጠራ። የመቁጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የቀደመው ሲቆጠር የሚመጣው ከእሱ ጋር ይለካል፤ ሲበለጥም እንኳ ይከበራል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የሚጫወት ወጣት አጥቂ ነገ የመንግሥቱን የክለብ ጎሎች ሊበልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስታዲየሙ ተነስቶ የሁለቱንም ስም እንዲጠራ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ከክላርክስተን ምን እናድርግ?

የምንኖርባት ከተማ ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይደለችም። ክላርክስተን ከአትላንታ በስተምሥራቅ በዲካልብ ካውንቲ ያለች፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከብዙ አገር ስደተኞችን የተቀበለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2004 ሉማ ሙፍለህ የተባለች ዮርዳኖሳዊት አሰልጣኝ የስደተኛ ልጆችን ሰብስባ “ፉጂስ” የሚባል የእግር ኳስ ቡድን አቋቋመች። ልጆቹ ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከባልካን ጦርነቶች ያመለጡ ነበሩ፤ የከተማዋን መናፈሻ ለልምምድ ለማግኘት እንኳ ከአስተዳደሩ ጋር ተከራክረዋል። ዋንጫ ያነሳ የአህጉር ቡድን አልነበረም። ሆኖም ጋዜጠኛው ዋረን ሴንት ጆን ታሪካቸውን በኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈ፤ በ2009 ደግሞ በመጽሐፍ አሳተመ። እነሆ፣ የክላርክስተን ሕፃናት ቡድን ታሪክ በመላው አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ይህንኑ ነው።

እኛም ሰዎቹ አሉን። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ከተመሠረተ ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው ውድድር በ2019ም በ2024ም አትላንታ ላይ ተካሂዷል። ወደዚያ በዓል ከሚመጡት መካከል በልጅነታቸው በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው የመንግሥቱን ጨዋታ ያዩ፣ በራዲዮ የሰሙ፣ ከእሱ ጋር የተሠለፉ፣ በእሱ የሠለጠኑ አሉ። ጥር 1954 ዓ.ም. አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ከሰባ ዓመት አልፎታል። ለመጠየቅ ያለን ጊዜ አጭር ነው።

የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። በቤታችን ያሉ የቡድን ፎቶግራፎች ጀርባቸው ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ይጻፍ። በአማርኛ ጋዜጦች፣ በአዲስ ዘመንም በሌሎቹም፣ የየሳምንቱ የጨዋታ ዘገባዎች አሉ፤ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤትና ጎል አግቢ እየተለየ ቢሰበሰብ የመንግሥቱ የክለብ ታሪክ ሙሉ ይሆናል። ሽማግሌዎቻችን በስልክ ድምፃቸው ይቀረጽ፤ የሚናገሩት ከጋዜጣው ጋር ይመሳከር። የስፖርት ፌዴሬሽናችንም በየዓመቱ ከሚያዘጋጃቸው መርሐ ግብሮች አንዱን ለዚህ ሥራ ቢመድብ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ውድድር በኋላ በእጃችን ላይ የኢትዮጵያ አጥቂዎች መዝገብ ይኖረናል።

መንግሥቱ ወርቁ ከጎንደር ተነስቶ አፍሪካን ያሸነፈ ሰው ነው። ከዋንጫው ሌላ ለልጆቻችን የሚያስተምረው ብዙ አለው፦ ለአንድ ክለብ መታመንን፣ በ117ኛው ደቂቃ ድካምን አሸንፎ መሮጥን፣ ከሜዳ ወጥቶም እውቀቱን ለተተኪ ማስረከብን። ይህን ትምህርት ከእሱ እንዲወስዱ ግን መጀመሪያ ታሪኩን ሙሉ አድርገን እናስረክባቸው። እንግሊዞች ለግሪቭስ ያደረጉትን እኛ ለመንግሥቱ ማድረግ የምንችለው ምስክሮቹ በሕይወት ባሉበት በዚህ ዘመን ነው፤ ሥራውም በየቤታችን ያለውን አንድ ሽማግሌ በመጠየቅ ይጀመራል።