ከባትሪ ድንጋይ ወደ ሶላር

ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ፣ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያላሰጣ ማን አለ? የአባቴ ሬዲዮ ድምፁ ሲሰልል ድንጋዩን አውጥተን እናሰጣው ነበር፤ ለማታ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራል። ጥናት ግን በኩራዝ ነው። ጠዋት አፍንጫችን በጥላሸት ጠቁሮ ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው።

በቀደም አንድ ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ የቤታችን ሶላር ደክማለች፤ የስልክ ባትሪ ልክተትባት?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለምን እንደማይሆን ታሪኩ ረዘም ይላል።

ሊቲየም እ.ኤ.አ. በ1817 ስዊድን ውስጥ ሲገኝ ስሙ የወጣለት ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው (የኛው ድንጋይ እንኳ ውስጡ ዚንክ ነበር)። በ1991 ሶኒ ለገበያ ያወጣው የሊቲየም ባትሪ በኮባልት የተሠራ ነው። ኮባልት ውድ ነው፤ ከልክ በላይ ሲግልም ለእሳት ይመቻል። የኮባልቱን መንገድ በ1980 ያሳየው ጆን ጉድኢናፍ ራሱ፣ በ1997 ቴክሳስ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ አመጣ፤ ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት። ርካሽ ነው፣ እሳትም አይወድም። ችግሩ፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። በዝግታ ሞልተውት እንኳ መያዝ ከሚችለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ያዘ።

መፍትሔው እናቶቻችን ጓዳ ያለ ነው። ሙሉ አተር ስንት ማገዶ ይፈጃል? ክክ ይፈጥናል፤ ሽሮማ ወዲያው ነው። ቅንጣቱ ሲደቅ ሊቲየሙ ከመሃል እስከ ዳር የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። መንገዱ በ10 እጥፍ ቢያጥር ጊዜው በ100 እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ቅንጣቱን ወደ ናኖሜትር መጠን አወረዱት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እነ ሚሼል አርማንድ ቅንጣቱን በስስ ካርቦን ለበጡት፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ይሮጣል። ካርቦን ማለት እኮ የኩራዛችን ጥላሸት ዘመድ ነው! በ2001 ጃፓን ውስጥ እነ አትሱኦ ያማዳ ቅንጣቱን አድቅቀው ከ90 በመቶ በላይ አስያዙት።

ዛሬ ገጠር ከገቡት ሶላሮች በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የብረቱ ባትሪ 3.6 ቮልት ገደማ ላይ ሞልቷል ይባላል፤ የስልኩ ግን 4.2 እና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የስልኩን ለብረቱ በተሠራች ሶላር ውስጥ ብትከተው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ይቆማል፣ ማታ ደግሞ ከልክ በታች ታሟጥጠዋለች።

ልጁ ሰኞ ሶላሯን ይዟት ይመጣል። መጀመሪያ ባትሪው ላይ የተጻፈውን እናነባለን፤ 3.2 ቮልት ካለ የብረቱ ነው፣ 3.7 ካለ የኮባልቱ ወገን።