ፍርሃት የተሸጠባቸው ሁለት የጸሎት ቤቶች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1799 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቫንዶም ከሚባለው የፓሪስ አደባባይ አጠገብ በነበረው፣ የፈረንሳይ አብዮት መነኰሳይያቱን በትኖ ባዶውን ባስቀረው በካፑሲኖች ገዳም ውስጥ፣ ኤቲየን ጋስፓር ሮቤር የተባለ፣ ስሙንም ሮበርትሶን ብሎ የለወጠ የሊዬዥ ከተማ ተወላጅ፣ ሕዝቡን ገንዘብ እያስከፈለ ሙታንን ያሳይ ጀመር። ሰውዬው የፊዚክስ መምህር ነበረ እንጂ ጠንቋይ አልነበረም፤ የሚታየውም ነገር ሁሉ የብርሃንና የመስተዋት ጥበብ መሆኑን አስቀድሞ ለተመልካቹ በግልጽ ይናገር ነበር። የሚያስደንቀው ግን ይህን ከአንደበቱ የሰማው ሕዝብ፣ መብራቱ በጠፋ ጊዜ ከመጮኽና ዓይኑን ከመሸፈን፣ አንዳንዱም በትሩን አንሥቶ መናፍስቱን ለመምታት ከመቃጣት አለመከልከሉ፣ ይህም ሁሉ ከሆነ በኋላ እንደገና ለመደንገጥ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ሰው በተፈጥሮው ከሚያስፈራው ነገር የሚሸሽ ሲሆን ፍርሃትን በገንዘቡ የሚገዛበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የመረመሩ ሊቃውንት ጥቂቶች አይደሉም። አርስጣጣሊስ፣ በመድረክ ላይ በሚታይ መከራ የሚቀሰቀሱት ፍርሃትና ርኅራኄ ነፍስን እንደሚያነጹ ጽፏል። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የሕክምና ሊቅም በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚመነጨው ፈሳሽ ልብን እያፈጠነ፣ ደምንም ወደ ጡንቻ እየላከ፣ ሥጋን ለመሸሽ ወይም ለመዋጋት እንደሚያዘጋጅ አስረድቷል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ታሪክ የሚቀርበው የአየርላንዱ ተወላጅ ኤድመንድ በርክ በ1757 ያሳተመው ሐሳብ ነው፤ እርሱ እንደሚለው አደጋና ሕማም እጅግ ቀርበው ሲያስጨንቁ ደስታን ሊሰጡ ከቶ አይችሉም፤ በመጠን ርቀው ሲታዩ ግን ነፍስን ደስ ያሰኛሉ። ይህ ርቀት በምን እንደሚለካ፣ ማንስ እንደሚወስነው በርክ አልዘረዘረም። ጉዳዩን ከፍልስፍና ይልቅ በፓሪስ ከተማ የነበሩት፣ ሁለቱም ቀድሞ ጸሎት ይደረግባቸው የነበሩ፣ ኋላም ፍርሃት የተሸጠባቸው ሁለት ቤቶች ታሪክ ያብራራዋል ብዬ አምናለሁ።

ሮበርትሶን የተጠቀመበት የምትሐት ፋኖስ ከእርሱ ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ነው። ፋኖሱን ከሠሩት ሰዎች የመጀመሪያው ነው የሚባለው የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ፣ በ1659 ለመስተዋቱ እንዲሆኑ ከነደፋቸው ሥዕሎች መካከል እስከ ዛሬ የቆዩልን፣ የራስ ቅሉን ከአንገቱ ላይ እያነሣ የሚጫወት ዐፅም የሚያሳዩ ናቸው። ስለዚህ ፋኖሱ ገና ከመወለዱ ሞትን ለማሳየት ተመርጦ ነበር ማለት ይቻላል። ሁይገንስ ግን የሳተርንን ቀለበት የተረዳ የከዋክብት መርማሪ ስለ ነበረ በዚህ ሥራው ያፍር ነበር፤ በ1662 አባቱ ፋኖሱ በፈረንሳይ ንጉሥ አደባባይ እንዲታይ በለመነው ጊዜም፣ መሣሪያው እንዳይሠራ ከመስተዋቶቹ አንዱን እንዲያወጣለት ለወንድሙ ጽፎለታል። በኋላ ግን ሊቁ ያፈረበትን መሣሪያ አዝማሪዎችና ዘዋሪ አሳዮች በጀርባቸው ተሸክመው ከአገር ወደ አገር ወሰዱት።

ሮበርትሶን በዚህ አሮጌ መሣሪያ ላይ የጨመረው ነገር ጥቂት ቢመስልም ኃይሉ ብርቱ ነበር። ፋኖሱን በተመልካቹ ዘንድ ማቆሙን ትቶ በሰም ከተነከረ ስስ መጋረጃ በስተኋላ ሰወረው፤ በመንኰራኵርም ላይ ጫነው። ፋኖሱ ከመጋረጃው ወደ ኋላ ሲሸሽ በመጋረጃው ላይ ያለው መልክ እያደገ ስለሚሄድ፣ በጨለማ የተቀመጠው ሰው ሙቱ ከሩቅ ተነሥቶ ወደ እርሱ የሚሮጥ ይመስለው ነበር። በመስተዋቱ ላይ ከሥዕሉ ዙሪያ ያለው ሁሉ በጥቁር ቀለም ስለ ተሸፈነም መልኩ ግድግዳም ወለልም ሳይኖረው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ወደ አዳራሹ የሚገባው ሰው በመጀመሪያ የገዳሙን መተላለፊያዎች አቋርጦ፣ የኤሌክትሪክና የብርሃን ሙከራዎች የሚታዩባቸውን ክፍሎች አልፎ፣ የጥንት ግብጻውያን ጽሕፈት በሚመስል ሥዕል ያጌጠ በር ከፍቶ፣ ጥቁር ግምጃ ወደ ተንጣለለበት፣ በአንዲት መብራት ብቻ ወደሚታይ ስፍራ ይደርሳል። ያቺም መብራት ስትጠፋ የዝናምና የነጐድጓድ ድምፅ፣ የደወልም ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያም በእርጥብ ጣት ሲዳሰስ የሚያለቅስ የሚመስለው፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1761 የፈለሰፈው የብርጭቆ መሣሪያ ዜማውን ይጀምራል። በትርኢቱም ፍጻሜ ሮበርትሶን የአንዲት ወጣት ሴት ዐፅም በብርሃን ገልጦ እያሳየ፣ ሁላችሁም የምትደርሱበት ዕጣ ይህ ነው ብሎ ያሰናብታቸው ነበር። ይህን ስብከት በዚያው ቅጥር የኖሩት መነኰሳይያት ለብዙ ዘመን ሲሰሙት ኖረዋል፤ ያን ጊዜ ግን ለመስማት የሚከፍል አልነበረም።

ትርኢቱ በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ ለምን እንደ ሰመረ ለመረዳት ከአምስት ዓመት በፊት የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በ1793 እና በ1794 በፈረንሳይ አገር፣ ወዳጁም ጠላቱም የሽብር ዘመን ብለው በሚጠሩት ጊዜ፣ በፍርድ ብቻ 17,000 ያህል ሰው ተገደለ፤ ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ቀድሞ ወደ አንገት መቍረጫው ጊዮቲን ወጣ፣ የአብዮቱ መሪ ዳንቶን ተከተለው፣ ዳንቶንን ያስገደለው ሮቤስፒየርም በተራው በ1794 በሐምሌ ወር በዚያው ስለት አለፈ። ሬሳዎቹ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ተዘግተው ስለ ነበር ሚስት ለባልዋ፣ ልጅም ለአባቱ ፍትሐት ሊያስደርግ፣ ተዝካር ሊያወጣ፣ በመቃብሩ ላይ ቆሞም ሊያለቅስ አልቻለም። እንግዲህ በሮበርትሶን አዳራሽ የተቀመጠው ሕዝብ፣ መቃብር ተከፍቶ ሮቤስፒየር ሲነሣ፣ ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረው የማራ መልክም በጭስ መካከል ሲታይ ያየው በዚህ ዓይነት ኀዘን የከረመ ዓይን ነው። ሮበርትሶን ወደ ገዳሙ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1798 በመጀመሪያ ትርኢቱን ባሳየበት ስፍራ፣ ከተመልካቾች አንዱ የሞተውን ንጉሥ እንዲያሳየው ቢጠይቀው፣ ነገሩ ከባለ ሥልጣኖች ጆሮ ደርሶ ትርኢቱ ለጊዜው እስከ መዘጋት ደርሷል። መንግሥት የፋኖስ ጥላ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያላለቀሰ ሕዝብ ጥላን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ያውቅ ነበርና።

ስለዚህ የፓሪስ ሰው በካፑሲኖች ገዳም የገዛው ፍርሃት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ቢያንስ እኩሌታው ኀዘን ነበረ። እውነተኛው ሽብር መልክ የለሽ ነበር፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ፣ የጎረቤት ስም በዝርዝር ሲነበብ የሚመጣ ነበር። ሮበርትሶን ለዚያ ሽብር መልክ ሰጠው፤ የሚጀመርበትን ሰዓትና የሚያልቅበትን ሰዓትም ወሰነለት፤ ከሁሉም በላይ በሰው እጅ የመጣውን መከራ ወደ መናፍስት ዓለም አሻግሮ በሙታኑና በሕያዋኑ መካከል አንድ የሰም መጋረጃ ዘረጋ።

ምስጢሩ ግን አልቆየም። ሮበርትሶን የገዛ ረዳቶቹን ሥራዬን ሰረቁኝ ብሎ ሲከሳቸው በችሎት ፊት የፋኖሱ አሠራር ሁሉ ተዘረዘረ፤ አስመሳዮቹም በየከተማው በዙ። በ1801 ተመሳሳይ ትርኢት በለንደን ታየ። ገዳሙ ፈርሶ በስፍራው መንገድ ቢወጣም፣ ከካፑሲኖች ስሙን በወረሰው ቡልቫር ላይ፣ ከቀድሞው ገዳም ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ውስጥ፣ የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 በታኅሣሥ ወር የሲኒማ መሣሪያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከፍል ሕዝብ አሳዩ። ዓመት ሳይሞላ ዦርዥ ሜልዬስ የሌሊት ወፍ ወደ ዲያብሎስ የምትለወጥበትን፣ ዐፅምም የሚታይበትን የሦስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሠራ። ወደ አገራችን ሲኒማ በገባ ጊዜም የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ማሳያ አዳራሽ የሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው፤ ይህን ስም ባለማወቅ የተሰጠ አድርጎ የሚስቅበት ሰው ካለ፣ ከሮበርትሶን ጀምሮ አሳዮቹ ራሳቸው የሚሸጡት ይህንኑ ስም እንደ ነበረ ያስብ።

ሁለተኛው ቤት በሞንማርትር ኮረብታ ግርጌ፣ በሻፕታል መንገድ መጨረሻ ያለ ትንሽ የጸሎት ቤት ነው። በ1897 ኦስካር ሜቴኒዬ የተባለ፣ አስቀድሞ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች በመጨረሻ ሰዓታቸው የሚሸኝ የነበረ ጸሐፊ፣ ቤቱን ገዝቶ ግራን ጊኞል የተባለውን ቴአትር አቆመበት። መቀመጫው ከ300 የማይበልጥ ነበር፤ ከተመልካቹ በላይ ሁለት የእንጨት መላእክት ከጣሪያው ቁልቁል ይመለከቱ ነበር፤ የተከለሉት መቀመጫዎችም የኑዛዜ ክፍል ይመስሉ ነበር። በ1898 ቤቱን የተረከበው ማክስ ሞሬ የሚወድቁትን የሚያነሣ ሐኪም በአዳራሹ እንዳቆመ፣ የአንድን ተውኔት መልካምነትም ራሳቸውን ስተው በወደቁት ቍጥር ይመዝን እንደ ነበር ይነገራል። በአንድ ሌሊት አጫጭር ተውኔቶች ይፈራረቁ ነበር፤ ሰው ከሳቀ በኋላ እንዲጮኽ፣ ከጮኸ በኋላም እንዲስቅ ታስቦ የአስቂኙና የአሰቃቂው ተራ በጥንቃቄ ይደለደል ነበር። ደሙ ከቀይ ቀለምና ከግሊሰሪን ተቀምሞ በመድረክ ላይ እንደ እውነተኛ ደም እየረጋ ይሄድ ነበር። ፓውላ ማክሳ የተባለችው ተዋናይት በዓለም ላይ እንደ እርስዋ ብዙ ጊዜ የተገደለች ሴት የለችም እስከ መባል ደርሳለች።

የዚህ ቤት ዋና ጸሐፊ አንድሬ ደ ሎርድ ነበር። ሐኪም የነበረው አባቱ የሞትን ፍርሃት ሊያስለቅቀው አስቦ በልጅነቱ በአያቱ ሬሳ አጠገብ እንዲያድር ስላስገደደው፣ ያ ፍርሃት ዕድሜውን ሙሉ ያልተለየው ሰው ነው፤ ቀን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ እየኖረ ከመቶ በላይ የሰቆቃ ተውኔቶች ጽፏል። አንዳንዶቹንም የደረሰው የልጆችን የአእምሮ ችሎታ መመዘኛ ካወጣው ከአልፍሬድ ቢኔ ጋር ነው። በተውኔቶቹ ውስጥ ሙት አይነሣም፣ ጋኔንም አይገባም፤ የሚያስፈራው ያበደ ሐኪም ነው፣ የሚበቀል ባል ነው፣ ጠባቂ ያልተመለከተው በሽተኛ ነው። ሮበርትሶን መከራን ከሰው ወደ መናፍስት እንዳሻገረ፣ ግራን ጊኞል ከመናፍስት ወደ ሰው መለሰው፤ ይህንንም ማድረግ የቻለው፣ በመድረኩ የሚታየውን የሚያህል ጭካኔ በሰው ልብ ይኖራል ብሎ በእውነት የሚያምን ተመልካች ጥቂት ስለ ነበረ ነው። የተመልካቹ መጋረጃ ይህ አለማመን ነበር።

መጋረጃውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተቀደደ። በ1945 ከጀርመን የማጎሪያ ሰፈሮች የወጡት ፎቶግራፎች በየጋዜጣው ሲታተሙ፣ ሐኪም በሕያው ሰው ሥጋ ላይ ሙከራ ማድረጉ ደ ሎርድ በብዕሩ የፈጠረው ወሬ መሆኑ ቀረ፤ በችሎት የተመሰከረ ነገር ሆነ። በሻፕታል መንገድ ያለው አዳራሽ እያደር ባዶ ሆነ፤ በ1962ም ተዘጋ። የመጨረሻው ሥራ አስኪያጅ ሻርል ኖኖን ምክንያቱን ሲናገር፣ ከጦርነቱ በፊት ተመልካቹ በመድረክ የሚሆነው በእውነት ሊሆን አይችልም ብሎ ያምን እንደ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ግን ይህና ከዚህም የከፋ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም ማወቁን፣ ቴአትሩም ቡሄንቫልድ ከተባለው የማጎሪያ ሰፈር ጋር ሊወዳደር አለመቻሉን ገልጿል። በዚያው ጊዜ ግን ፍርሃት የሚሸጥበት ገበያ አልተዘጋም ነበር። ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ በ1957 ፍራንከንስታይንን፣ በ1958 ድራኩላን በቀለም እያወጣ አዳራሾችን ይሞላ ነበር፤ ሕዝቡ ወደ ሩቅ ዘመንና ወደ ሩቅ ግንብ፣ ሰው ወዳልሆነው ጠላት ተመልሶ ነበርና። በ1960 የወጣው፣ ሳይኮ የተባለው የሂችኮክ ፊልም ነፍሰ ገዳዩን ሰው አድርጎ ቢያሳይና እጅግ ቢወደድም፣ ያ ገዳይ በሸራ ላይ የሚያልፍ፣ በጥቁርና በነጭ የተሣለ ጥላ ነበረ፤ በግራን ጊኞል ግን ተመልካቹ ከፊተኛው ወንበር እጁን ቢዘረጋ የተዋናይቱን ቀሚስ ሊነካ ይችል ነበር፤ ያን ያህል መቅረብም ከ1945 በኋላ ለፓሪስ ሰው ደስታ ሊሆንለት አልቻለም።