የ93ቱ ጥያቄ
ትናንት ዲማ ጊዮርጊስ ደርሼ ስመለስ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝና «ጋሼ፣ የ93ቱ የዩኒቨርሲቲ ረብሻ ምን ነበር?» አለኝ። ረብሻ መባሉ ቅር አለኝ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ትምህርት ሲያቆሙ የጠየቁት ማኅበራችን ነፃ ይሁን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ ብለው ነው። ጋዜጣዋን ልብ በሉልኝ! አስተዳደሩንም የማኅበሩን መሪዎችም ልትጠይቅ የምትችለው እሷ ነበረች።

መጋቢት 30 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ለተማሪዎች የውይይት መድረክ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተናገሩ። ከዚያ ፖሊስ ግቢ ገባ። ሚያዝያ 9 እና 10 ከተማው ታመሰ፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ሚያዝያ 30 ደግሞ ሁለቱ ምሁራን «ተማሪ አነሳስታችኋል» ተብለው ታሰሩ፤ በዋስ የወጡት ግንቦት 28 ነው።

እስቲ አስቡት፤ ነፃ ማኅበር የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ ከውጭ ሆኖ የሚታዘበው ድርጅት መሥራች እስር ቤት። የሞተውን ማን ይቁጠር?

ያን ጊዜ ከእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። እናቱ በር ላይ ቆመው «ምን አጠፋህ ልጄ?» አሉት።